አልረጋም ያለው ወተት

እናንተ ቤት ወተት እንዴት ነው የሚጠጣው? የዋዛ ጥያቄ አይምሰላችሁ። እኔ በዚህ ጥያቄ የተነሳ ከሚስቴ ጋር ተኮራርፌያለሁ፣ ጅማ ድረስ ሄጃለሁ፣ በስተርጅና ባጃጅ ላይ ተቀምጬ ከተማ ለከተማ ጮኼያለሁ። ስለዚህ መልሳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ትንሽ አስቡበት።

እኛ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ወተት የሚገዛ ሰው ከአንዱ ወተት ሁለት ነገር ይፈልጋል። ጠዋት ለሻይ የምትሆነውን ይቀዳል። የቀረውን በወይራ በታጠነ ዕቃ ይጨምርና ጥግ ያስቀምጠዋል። ሲመለስ እርጎ ሆኖ ይጠብቀዋል። ማንም ምንም አላደረገለትም፣ በራሱ ረጋ። አገራችን ሞቃትና እርጥብ ናት። እንኳን ወተት፣ ከምሳ በኋላ ቁጭ ያለ ሰውም ይረጋል።

እኔ ሽመልስ እባላለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቴፒ አጠገብ በአንድ የቡና እርሻ የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። የመጋዘን ሰው ሥራው መጠርጠር ነው። ጣሪያው አፍስሶ ይሆን? ቡናው እርጥበት ስቦ ይሆን? ይህ ሽታ የሻጋታ ነው ወይስ የራሴ ካፖርት? ሥራውን በጡረታ ተሰናበትኩት፣ ጥርጣሬው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። በር ቆልፌ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እነካዋለሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቁልፉ ራሱ እኮ ሰለቸው" ትለኛለች።

አስካለ የእኔ ተቃራኒ ናት። ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አሉን፣ እነሱም የእሷ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ከሩቅ ነው። እሷ ስታልብ የመጀመሪያዋን ጣሳ እዚያው ቁጢጥ እንዳለች፣ ከነአረፋዋ ትጠጣታለች። "ትኩስ ነው፣ ሌላ ምን ማፍላት ያስፈልገዋል?" ትላለች። ላሟ ያፈላችው ይመስላታል።

እንግዲህ አንድ ዓመት አስካለ ታመመች። ትኩሳት። በእኛ አገር ትኩሳት ማለት ወባ ማለት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የወባ መድኃኒት ዋጠች። ቀለል አላት። ተመለሰባት። ደግማ ዋጠች። ማታ ማታ ያልባታል፣ ወገቧንና ጉልበቷን ይቆረጥማታል፣ ያቺ ኮረብታ ለኮረብታ የምትሮጥ ሴት ከአልጋ ለመነሳት እኔን ትደገፍ ጀመር። እኔ ደግሞ የሚደገፉኝ ሰው አይደለሁም። ሁለታችንም እንወድቅ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም፣ ልጅ እግር ነው፣ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ጠየቃት። "እናቴ፣ ወተት ይጠጣሉ?"

"አዎ።"

"ያፈሉታል?"

"ለምን ብዬ?"

ደሟ ተመረመረ። ሐኪሙ ከጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ የከብት በሽታ ነው ብሎ ስሙን ነገረን። እኔ ስሙን ልይዘው አልቻልኩም፣ አስካለ ልትይዘው አልፈለገችም። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ያለችኝ፣ "ልጆቼን ሰደበብኝ" ነው። ልጆቼ የምትለው ላሞቹን ነው። መድኃኒቱን ግን ጨርሳ ዳነች። ከሁለቱ ላሞች የታመመችው ተለይታ ተወገደች፣ በኋላ ሌላ ተተካች፤ ለዚያች ላም ያለቀሰችው ለራሷ ሕመም ካለቀሰችው ይበልጣል። ከዚያስ? ከዚያማ እንደ ድሮዋ ጣሳዋን ይዛ ቁጢጥ አለች!

ለመንኩ። ተቆጣሁ። አስፈራራሁ። "የተፈላ ወተት የሞተ ወተት ነው፣ በድን አልጠጣም" አለች፣ አለቀ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ብቻ ቀረኝ። ያ ትኩሳት ተመልሶ ይመጣና አንድ ቀን አስካለን ይዟት ይሄዳል። ሌሎቹ ፍርሃቶቼ ሁሉ ቦታ ለቀቁለት።

የወተት ማኅበራችን ማሽን እንግዛ ብሎ የተነሳው በዚሁ ሰሞን ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ተማሪው በዝቷል፣ ሻይ ቤቱ በዝቷል፣ ወተት ፈላጊውም በዝቷል። ሊቀመንበራችን ማርታ ናት። የቤንች ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ድምጿ ከገበያ ዳር እስከ ዳር የሚሰማ። ስብሰባ በጸሎት ትከፍታለች። ጸሎቷ ከልብ ነው፣ ረዘም ይላል፣ አንዳንዴ አሜን እስክንል ወተታችን ይረጋል እያልን እንቀልድባት ነበር። ማሽኑን የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ እሷ እኔን ጠቆመች። ምክንያቷንም በጉባኤ ፊት ተናገረች። "ደፋር ሰው ከላክን አንጸባራቂውን አይቶ ይገዛል። ጋሽ ሽመልስ ግን ይፈራሉ። የሚፈራ ሰው ነው የሚያስፈልገን።" ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በሕይወቴ ስለ ፍርሃቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እናም እኔና ማርታ አውቶቡስ ተሳፍረን ጅማ ወረድን። ሻጩ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ፈጣን ልጅ ነው። "አባቴ፣ ወተት ማሞቂያ ብዙ ዓይነት አለው፣ የቱን ላሳይዎት?" አለኝ። ሁሉንም አልኩት።

የመጀመሪያው ጋን ነው። ሻጩ በፈረንጅ ስም ጠርቶት ነበር፣ እኛ ግን ጋኑ አልነው፣ ጸናበት። ድርብ ግድግዳ ያለው የማይዝግ ብረት ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ፍል ውሃ አለ፣ ወተቱ መሐል ይቀመጣል፣ እሳቱ ወተቱን በቀጥታ አያገኘውም። ድስት በድስት ውስጥ ማለት ነው። ወተቱ ስድሳ ሦስት ዲግሪ ሲደርስ ሳይወርድ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ አንድ ሰው ቆሞ ያማስለዋል፣ ከዚያ ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል። መፍላት የለም፣ መገንፈል የለም። በዓይን የማይታየው ተባይ ይሞታል፣ ጣዕሙ ይተርፋል።

ሁለተኛው ስስ ስስ ብረቶች እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡበት ነው። በአንዱ ገጽ ወተት፣ በሚቀጥለው ፍል ውሃ ይሄዳል። ወተቱ ሰባ ሁለት ዲግሪ ሞቆ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆይቶ ይወጣል። አላቋርጥም ይላል፣ እንደ ወንዝ ነው። ሻጩ አንድ የወተት ፋብሪካ ወስዶ ሥራ ላይ አሳየን። ማርታ ዓይኗ በራ። እኔ ግን ጠየቅሁ፤ "መብራት ቢጠፋስ?"

ልጁ አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። እውነቴን ነው። ጅማም እንደ እኛው ናት።

ማሽኑ ዝም አለ። እኔ ደንግጬ፣ "ይኸው ግማሹ ጥሬ ግማሹ ሙቅ ተቀላቀለ!" አልኩ። ልጁ ግን ረጋ ብሎ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አሳየኝ። ሙቀቱ በቂ ካልሆነ ይህቺ ቫልቭ ወደ ፊት የሚወስደውን መንገድ ትዘጋና ወተቱን ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። እርግጠኛ ካልሆነች አታሳልፍም። ቫልቯን ቆሜ አየኋት። እንዲህ ያለ ዘመድ ብረት ውስጥ አለኝ ብዬ አላሰብኩም ነበር። በር ቆልፋ የምትመለስ፣ ተመልሳ የምትነካ! እኔ ይህን ሳደርግ "ጭንቀታም" እባላለሁ፣ እሷ ስታደርገው በውድ ትሸጣለች።

ሦስተኛው ጥሬውን ወተት በላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ ከነከረጢቱ ፍል ውሃ ውስጥ የሚነክር ነው። ርካሽ ነው። "ከረጢቱ ቢቀደድስ?" አለች ማርታ። "አይቀደድም።" "ቢቀደድስ?" "እንግዲህ ውሃው ይነጣል" አለ ልጁ። አለፍነው። አራተኛው ወተቱን እጅግ አሙቆ ለወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያደርግ ትልቅ ፋብሪካ ነው፣ ያየነው በሥዕል ብቻ ነው። እሱንም አልፈለግሁም። በእኔ ዕድሜ ከራሴ የሚረዝም ቀጠሮ ያለው ወተት መግዛት ደስ አይልም።

ልቤ ቫልቯ ዘንድ ቀርቶ፣ ጋኑን መረጥኩ። መብራት የማይለምን እሱ ነው። ከሥሩ ምድጃ አሠራንለት፣ የምናነደውም የቡና ገለፈት ሆነ። የቡና መፈልፈያ ቤቶቹ ገለፈቱን የሚጥሉበት አጥተው ክምሩ ተራራ አክሏል፣ በደስታ ሰጡን። ገለፈት ከተጠነቀቁለት ሙቀቱ ረጋ ያለ ነው። ጠባቂውም እኔ ሆንኩ። ቴርሞሜትሩን እንደ አራስ ልጅ ነበር የምይዘው። ወተቱን አማስዬ፣ አብርጄ፣ በታጠቡት ቢዶኖች ቀድቼ፣ ከድኜ እወጣለሁ። የማከፋፈሉን ሥራ ሴቶቹ ይረከባሉ፣ ከእነሱም አንዷ አስካለ ናት።

ልቤ ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ? ከተማው ሁሉ የሞቀውን ወተት ከለመደ፣ እሷም ከሰው ተለይታ እስከ መቼ ጣሳዋን ይዛ ትቀመጣለች? እያልኩ ነበር። ሰው ሲያደርግ ታደርገዋለች ብዬ።

ከተማው ግን ወተቱን ጠልቶ መለሰልን።

ምን ሆነ መሰላችሁ? አልረጋም! ሰው ገዛ፣ ለሻይ ቀዳ፣ የቀረውን አጥኖ አስቀመጠ። በነጋታው አየው፣ ወተት ነው። በማግስቱም አየው፣ ወተት ነው። ቆይቶ ደግሞ በመርጋት ፈንታ መረረ፣ ሸተተ። ለካ በራሱ የሚያረጋውም ነገር ከተባዩ ጋር አብሮ ሄዷል። እኔ የት አውቄ? ሰው መጥቶ ይጮህብን ጀመር። አንዷ "ዱቄት በጥብጣችሁ ነው" አለች። አንዱ "ውሃ ነው" አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቢዶኑን እያሸተተ፣ "ነፍሱ የታለች?" አለኝ። ቴርሞሜትሩን አሳየሁት። እሱም እኔን አየኝ፣ ሄደ።

ደንበኛ አለቀ። ቢዶኖቹ ሞልተው ሄደው ሞልተው ይመለሳሉ። ማኅበሩ ውስጥ በአንዲት ላም ወተት ልጅ የሚያስተምሩ ሴቶች አሉ፣ ፊታቸውን ማየት ከበደኝ። ጋኑ ይሸጥ፣ ሁሉም ወደ ጥሬው ይመለስ የሚል ወሬ ተነሳ። አስካለም ማታ ራት ላይ፣ "አላልኩህም? በድን ነው" አለች። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም። እሷ ሁልጊዜ ከሚሸነፈው ወገን ናት፣ የሚያሳዝናት አታጣም።

ከዚያ በኋላ በድንገት ነገሩ ተገለበጠ። አንዱ ደንበኛ ተመለሰ። ሌላውም ተከተለ። "አሁን ገና ወተት ሆነ፣ እንዴት ያለ እርጎ መሰለህ!" ይሉኛል መንገድ ላይ እያቆሙ። ማርታ በጸሎቷ ላይ የምስጋና ክፍል ጨመረችበት። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ገለፈቱን በደንብ ማንደድ ስለቻልኩ ነው አልኩ። ቀስ ብዬ ስለማማስል ነው አልኩ። ሰው ሲሳካለት ምክንያት አያጣም።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁና፣ ግማሽ መንገድ ላይ ምድጃውን በደንብ አጥፍቼ ይሆን አልኩ። መቼም አጥፍቼዋለሁ። ግን ተመለስኩ። ብገባ አስካለ ቢዶኖቹን በተርታ ከፍታ፣ ከትንሽ ጮጮ በጣሳ እየቀዳች ለእያንዳንዳቸው ጠብ ታደርግላቸዋለች።

"አስካለ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

ቀና እንኳ አላለችም። "እየቀሰቀስኩት።"

"ማንን?"

"ወተቱን ነዋ። አንተ ገድለኸው ትሄዳለህ፣ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ። ሰዉ ለምን የተመለሰ መስሎህ ነበር? ለቴርሞሜትርህ?"

"ጮጮው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"የጠዋቱ። ትኩሱ። ከልጆቼ የታለበው።"

ቁጭ አልኩ። ወንበር አልነበረም፣ ግን ቁጭ አልኩ። ይህን ሁሉ ገለፈት አንድጄ፣ ያን ሁሉ ዲግሪ ጠብቄ፣ ለካ ያባረርኩትን ተባይ ሚስቴ በጣሳ እየቀዳች መልሳ ታስገባዋለች! ያውም ሰው ሞቋል ብሎ አምኖ በሚገዛው ወተት ውስጥ። እሷ ደግሞ ክፋት አላሰበችም። እናቷ ወተት እምቢ ሲል በጥሬ ወተት ስታስታርቀው አይታለች፣ እሷም አስታረቀችው። ማኅበሩን ያተረፈችው እሷ ናት፣ ይህም ሐሰት አይደለም።

ያን ቀን የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ብናገር አስካለን ይሰድቧታል፣ ማኅበሩም ይፈርሳል። ዝም ብል የዚያች ትኩሳት ዕጣ በየቤቱ ይታደላል። ሐኪሙ ስሙን የነገረን በሽታ አልጋችን ላይ ምን እንዳደረገ እኔ ነኝ የማውቀው። ወደ ማርታ ሄድኩ።

ማርታ ሰማችኝ። መጀመሪያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ቀጥላ እንባዋን ጠረገች። "ጋሽ ሽመልስ፣ የዛሬው ወተት ወጥቷል?" አለች። ወጥቷል አልኩ። "ይነሱ" አለች።

ባጃጅ ያዝን። ወተት በሄደበት ሁሉ ሄድን። ማርታ ከፊት አንገቷን አውጥታ በዚያ ድምጿ፣ "የዛሬውን ወተት ሳታፈሉ እንዳትጠጡ! ያረጋችሁትንም ድፉት!" ትላለች። እኔም ከኋላ "አፍሉት! አፍሉት!" እላለሁ። ሰው ቆሞ ያየናል። የባጃጁ ሹፌር፣ "አባባ፣ የምርጫ ቅስቀሳ ነው እንዴ?" አለኝ። አንዷ ባለ ሻይ ቤት ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ለመሆኑ እስከ ዛሬ ሳላፈላ የምሸጥ መስሏችሁ ነው? እናንተ አሞቅን ስላላችሁ ማንስ አመናችሁ?" አለችን። በሕይወቴ እንደዚያ ባለመታመኔ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እርጎ የሚያረጉት ቤቶች ግን አምነውን ነበር። ከእነሱ ጋር ነበር ሥራው። አንዳንዶቹ ድፉት ስንላቸው እርጎውን እንደ ልጅ አቅፈው ተሟገቱን።

ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ያን ቀን ጸሎቱ አጭር ነበር። አንዳንዱ ተነስቶ እትዬ አስካለ ከማኅበሩ ይውጡ አለ። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

"ልታስወጡኝ ትችላላችሁ" አለች። "አጥፍቻለሁ ካላችሁም አጥፍቻለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ነገ ጠዋት ወተቱን የሚያረጋው ማነው?"

ማርታ ስልኳን አወጣችና የጅማውን ሻጭ ደውላ ድምጹን ለሁላችን ከፈተችው። ነገሩን አስረዳችው።

"እንዴ! እርሾ እኮ ለብቻው አለ" አለ ልጁ። "በትንሽ ፓኬት ነው የሚመጣው። የሞቀ ወተት ላይ ለብ ሲል ይጨመራል፣ ይረጋል። አንዴ ከረጋ ከዚያው እየቆነጠሩ ለነገ ማስቀመጥ ነው።"

"ያኔ ለምን አልነገርከንም?" አለች ማርታ።

"ያኔ የጠየቃችሁኝ ስለ መብራትና ስለ ከረጢት ብቻ ነው እኮ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ነው። ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፣ ወተት አልረጋም ይላል ብዬ ግን አልፈራሁም።

እርሾው በአውቶቡስ መጣ። ማርታ ለማን ትስጠው? ከጉባኤው ፊት ለአስካለ ሰጠቻት። "እትዬ አስካለ፣ ማርጋት የሚያውቁ እርስዎ ነዎት። ከዛሬ ጀምሮ ጋኑ የጋሽ ሽመልስ ነው፣ እርጎው የእርስዎ ነው። ወተቱን እንደ ወተት፣ እርጎውን እንደ እርጎ ለይተን እንሸጣለን።" አስካለ ፓኬቱን አሸተተች። "ይሄ ብናኝ ነው የሚያረጋው?" አለች። ንቀቷ ያስፈራ ነበር። ግን ዕቃዋን አጥና፣ ከጋኑ የወጣውን ወተት እንደተነገራት አድርጋ፣ ሸፍና አሳደረችው። በነጋታው ክዳኑን ስታነሳ አብሬያት ነበርኩ። በማንኪያ ነካችው። ተቆረሰ። ማንኪያውን ለእኔም ሰጠችኝ። እሷ አንድ ነገር ሲገርማት እንደዚያ ናት።

አሁን በከተማው "የአስካለ እርጎ" ይባላል። ከሸዋ ቤንች ሳይቀር ሰው እየላከ ያስገዛል። ትኩሳቱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ ምክንያቱም ጣሳዋን ትታለች። በልመናዬ አይደለም። በሐኪሙም አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ላሟ ሥር ቁጢጥ ብላ ጣሳውን አነሳች፣ አየችው፣ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው። "ይሄን በነካ አፌ እርጎ ልቅመስ? ስሜ አለበት እኮ" አለች።

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሞት ነው፣ ትኩሳት ነው እያልኩ ሳስፈራራት ከረምኩ። አልፈራችም። ሰው ስለ ራሱ አይፈራም ለካ። ስለ ሠራው ነገር ግን ይፈራል። ይህን ስድስተኛ ክፍል አላስተማሩኝም፣ ሰባተኛም ቢሆን የሚያስተምሩት አይመስለኝም።

እንግዲህ በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ደስም ብሎኛል። የማልክደው አንድ ችግር ግን አለ። ቤታችን ውስጥ እርሾ ወደሚቀመጥበት ክፍል እንዳልገባ ተከልክያለሁ። እግሬን ታጥቤ፣ ጋቢዬን ቀይሬ፣ እጄን በሳሙና ፈትጌ በሩ ላይ ብቆም፣ አስካለ ከውስጥ መዳፏን ዘርግታ ታቆመኛለች። "ከጋጣ በኩል ነው የመጣኸው፣ አይቼሃለሁ። ወዲያ!" ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ተባይ ስፈራ ኖሬ፣ በስተመጨረሻ በገዛ ቤቴ ተባዩ እኔ ሆኜ አረፍኩት።